የኤሌክትሪክ መኪና የታክስ ማበረታቻ እንጅባራና ዳንግላ ሲደርስ

መኪና በኢትዮጵያ ከዋጋው ይልቅ ታክሱ የሚያስደነግጥ ዕቃ ሆኖ ኖሯል፡፡ ከውጭ በ1 ሚሊዮን ብር የተገዛ አውቶሞቢል የጉምሩክን በር ሲሻገር ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆኖ መውጣቱ የሚያስገርመው እንግዳን እንጂ የአገሩን ሰው አይደለም፡፡ በመሆኑም መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎችን ከኤክሳይዝ ታክስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ ጉዳዩ የአዲስ አበባ መኪና አስመጪዎች ብቻ ሆኖ አልቀረም፡፡ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መምህርም ሆነ ዳንግላ ውስጥ ክሊኒክ የከፈተ ሐኪም፣ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ «ለእኔስ ያዋጣኛል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፡፡

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ የታክሱን ስሌት ብቻ ይዞ የሚነሳ ነው፡፡ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን የሚሠራው ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ነው፡፡ ከዚያ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፎ አዊ ዞን እስኪደርስ ድረስ ማበረታቻው በየመንገዱ እየተሸራረፈ ይሄዳል፡፡ ምን ያህል እንደሚሸራረፍና በተቃራኒው አዊ ላይ የሚጨመርለት ምን እንደሆነ ማየቱ ለገዢው ይጠቅማል፡፡

ታክሱ እንዴት ይደራረባል?

በአገራችን አንድ መኪና ሲገባ የሚከፈሉት ታክሶች ጎን ለጎን የሚደረደሩ ሳይሆኑ አንዱ በሌላው ላይ የሚጫኑ ናቸው፡፡ መጀመሪያ መኪናው የተገዛበት፣ የተጓጓዘበትና ኢንሹራንሱ ተደምሮ የጉምሩክ ቀረጥ ይሰላል፡፡ ቀረጡ ከተጨመረበት ድምር ላይ ኤክሳይዝ ይጣላል፡፡ ከዚያ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል፡፡ በመጨረሻም ከሁሉም ድምር ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይታከላል፡፡ ስለዚህ መሀል ላይ ያለው ኤክሳይዝ ሲጨምር ከበላዩ ያሉት ሁለቱም አብረውት ያብጣሉ፡፡

ምሳሌ እንውሰድ፡፡ የሞተር ጉልበቱ 1,500 ሲሲ የሆነ አዲስ የቤንዚን መኪና አገር ውስጥ ሲደርስ ዋጋው 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ ቀረጡን ደግሞ ለስሌት ያህል 30 በመቶ እናድርገው፡፡ ከቀረጥ በኋላ 1 ሚሊዮን 300 ሺሕ ብር ይሆናል፡፡ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 መሠረት ከ1,300 እስከ 1,800 ሲሲ ያለ አዲስ መኪና 60 በመቶ ኤክሳይዝ ይጣልበታል፤ ይህም 780 ሺሕ ብር ነው፡፡ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 312 ሺሕ፣ ሱር ታክሱ 239 ሺሕ 200 ብር ይሆናል፡፡ አንድ ሚሊዮን ብሩ 2 ሚሊዮን 631 ሺሕ 200 ሆነ ማለት ነው፡፡ ሌሎች ትናንሽ ክፍያዎችን ትተናቸዋል፡፡

በዚያው ዋጋ የተገዛ የኤሌክትሪክ መኪና በ2014ቱ ውሳኔ መሠረት ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ከገባ የሚከፍለው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ነበር፡፡ ይኸውም 150 ሺሕ ብር ነው፡፡ በከፊል ተገጣጥሞ ከገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚሁ ከተገጣጠመ ደግሞ ቀረጡ ዜሮ ነው፡፡ በሁለቱ መኪኖች መካከል የተፈጠረው ልዩነት ወደ 1 ሚሊዮን ተኩል ብር ይጠጋል፡፡ ማንም ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፡፡

አሮጌ መኪና ለመግዛት ላሰበ ሰው ልዩነቱ የባሰ ነው፡፡ ያው የ2012ቱ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን በዕድሜያቸው እየመዘነ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ጥሎባቸዋል፡፡ የአገራችን መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ መኪና ባለቤት የሆነው ከዱባይና ከአውሮፓ በሚመጡ ያገለገሉ ቶዮታዎች ነበር፤ ያ በር በዚያ አዋጅ ጠበበ፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ሲያሳውቁ ለአዲስ ገቢ የቤንዚን መኪና በሩ ተዘጋ፡፡ በዚህ ጊዜ ማበረታቻው ማበረታቻነቱ ቀርቶ ብቸኛ መንገድ ሆነ ማለት ይቻላል፡፡ እዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ቪትዝ ዋጋዋ አልወርድ ያለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፡፡

መንግሥት ይህን ያደረገበት ምክንያት ግልጽ ነው፡፡ አገሪቱ ለነዳጅ ግዢ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ኤሌክትሪኩን ግን ከወንዞቿ ታመነጫለች፡፡ በአሥር ዓመቱ የትራንስፖርት ዕቅድ 148 ሺሕ የኤሌክትሪክ መኪኖችና 4,800 አውቶቡሶች ለማስገባት ታስቦ ነበር፡፡ በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ባለሥልጣናት ከ100 ሺሕ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች መግባታቸውን ሲናገሩ ተሰምተዋል፡፡ ግድቡም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፡፡

በአዋጅ ያልታሰረ ማበረታቻ

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ፡፡ ኤክሳይዙ የተጣለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባወጣው አዋጅ ነው፡፡ ነፃ ማድረጉ ግን የመጣው በገንዘብ ሚኒስቴር ውሳኔ ነው፡፡ አዋጅ ለመሻር ሌላ አዋጅ ያስፈልጋል፤ በሚኒስቴር ውሳኔ የተሰጠ ነፃነት ግን በሚኒስቴር ውሳኔ ሊነሳ ወይም ሊቀነስ ይችላል፡፡ ለዚያውም መንግሥት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከዓለም ገንዘብ ድርጅት ጋር በገባው ፕሮግራም የታክስ ገቢውን ለማሳደግና የነፃ መብቶችን ለማጥበብ ተስማምቷል፡፡ በዚያው ዓመት ማብቂያ አዲስ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341 ወጥቷል፡፡ ይህ ሁሉ የሚያመለክተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፡፡

ስለዚህ መኪና ያዘዘ ሰው የሚጠብቀው ታክስ ባዘዘበት ቀን የነበረውን ሳይሆን ዲክላራሲዮኑ ጉምሩክ ላይ በተመዘገበበት ቀን የሚሠራውን ነው፡፡ ከቻይና ተነስቶ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፡፡ በዚህ መሀል ከተነሱት ታክሶች መካከል ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ ቢመለስ በምሳሌያችን 1 ሚሊዮን 150 ሺሕ ብር የነበረው መኪና 1 ሚሊዮን 322 ሺሕ 500 ብር ይሆናል፡፡ በውል ላይ «የሚመጣ የታክስ ለውጥ በገዢው ነው» የሚል ሐረግ ካለ ይህ 172 ሺሕ 500 ብር ከማን ኪስ እንደሚወጣ መገመት አያዳግትም፡፡ ከአስመጪ ጋር ሲዋዋሉ ይህችን አንቀጽ መፈለግና በዕለቱ የሚሠራውን ምጣኔ ከጉምሩክ ኮሚሽን ራሱ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡

ሁለተኛው አደጋ ከታክስ ጋር የማይገናኝ የሚመስለው የብር ዋጋ ነው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፡፡ ያኔ 15 ሺሕ ዶላር የሚያወጣ መኪና 855 ሺሕ ብር፣ 15 በመቶ ቀረጡም 128 ሺሕ ብር ግድም ነው፡፡ ዶላር 130 ብር በገባ ጊዜ ያው መኪና 1 ሚሊዮን 950 ሺሕ ብር፣ ያው 15 በመቶ ደግሞ 292 ሺሕ 500 ብር ሆነ፡፡ በመቶኛ ሲታይ ማበረታቻው አልተነካም፤ የገዢው ደመወዝ ግን በዶላር አልተከፈለም፡፡

ግድቡ ጎረቤት፣ ሶኬቱ ግን...

አሁን ወደ አዊ እንሂድ፡፡ ከእንጅባራ ተነስቶ በቻግኒና በግልገል በለስ አድርጎ ወደ ጉባ የሚዘልቀው መንገድ ወደ ታላቁ ህዳሴ ግድብ ከሚወስዱት ዋና መንገዶች አንዱ ነው፡፡ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ ሲሚንቶና ብረት የጫኑ ከባድ መኪኖች በዚህ ዞን ከተሞች መሀል ሲመላለሱ ኖረዋል፡፡ በሌላው በኩል በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ አለ፡፡ በካርታ ላይ ሲታይ አዊ ከአገሪቱ ትልልቅ የኃይል ምንጮች መሀል የተቀመጠ ዞን ነው፡፡

ይሁንና ከግድብ ወደ መኖሪያ ቤት ቀጥታ መንገድ የለም፡፡ ከፍተኛው መስመር ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ መካከለኛ መስመር፣ ከዚያ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ከዚያ የእንጨት ምሰሶ፣ በመጨረሻ ቆጣሪ ይመጣል፡፡ የግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለካው በዚህ ሰንሰለት ደካማ ቀለበት ነው፡፡ ዝናብና ንፋስ ሲበረታ መብራት የሚጠፋባቸው የከተማ ሰፈሮች ነዋሪዎች ደካማው ቀለበት የትኛው እንደሆነ ያውቁታል፡፡

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፡፡ በተራ የግድግዳ ሶኬት ሲሞላ የሚያገኘው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ነው፡፡ ባዶ የሆነ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ በዚህ መንገድ ለመሙላት 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፡፡ በከተማ ውስጥ በቀን 30 እና 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሌሊቱን ብቻ መሰካት ይበቃዋል፤ ይህ ችግር አይደለም፡፡ ችግሩ ያ ሶኬት ምን ዓይነት ሽቦ ላይ እንደተሠራ ነው፡፡ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድና መኪና አንድ ላይ ሲሰኩ መዘዙ ቤት ማቃጠል ሊሆን ይችላል፡፡ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የቤት ቻርጀር ለመትከል ደግሞ 32 አምፒር የሚችል የራሱ መስመርና መሬት የገባ ኧርዝ ያስፈልጋል፤ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ተነጋግሮ ቆጣሪ ማሳደግም ሊመጣ ይችላል፡፡ በኪራይ ቤት የሚኖር ባለሙያ ይህን ሁሉ ለአከራዩ እንዴት እንደሚያስረዳ አስቡት፡፡ የታክስ ነፃነቱ ይህን ወጪ አይሸፍንም፡፡

እዚህ ላይ ግን ለኤሌክትሪክ መኪና የሚቆም ጠንካራ ክርክር አለ፤ የዕለት ወጪው፡፡ በወር 1,200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው እንውሰድ፡፡ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ የቤንዚን መኪና 96 ሊትር ይፈልጋል፡፡ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው ታሪፍ፣ በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ይህ ከ9,700 ብር በላይ ነው፡፡ የኤሌክትሪኩ መኪና ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል፡፡ የኤሌክትሪክ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ስለተደረገ ለጥንቃቄ ሲባል አንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት 6 ብር እናድርገው፤ 1,200 ብር ነው፡፡ የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደሚቀጥለው ውድ እርከን የሚሸጋገር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ልዩነቱ በእጥፍ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ነው፡፡

ለአዊ ነዋሪ የቤንዚኑ ዋጋ ብቻ አይደለም ጉዳዩ፤ መገኘቱም ነው፡፡ ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ግብይት በመላ አገሪቱ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲሆን ተደረገ፡፡ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ግጭቱ በበረታባቸው ጊዜያት መንገዶችም ተዘጉ፡፡ ቦቴ ሳይመጣ ሲቀር ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር መሸጡ የክልሉ ከተሞች ነዋሪ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ዋጋውም ከታሪፉ ጋር አይተዋወቅም፡፡ መብራት ይጠፋል፣ ግን ቦቴ እንደሚጠብቁት ለሳምንታት ብዙ ጊዜ አይጠበቅም፡፡ በዚህ ሚዛን ሲታይ የገዛ ሶኬት ያለው ሰው የተሻለ ቦታ ላይ ነው፡፡

ከፍታውም ለኤሌክትሪክ ያደላል፡፡ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ብርዳማ ከተማ ናት፡፡ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል፡፡ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አይጎድልበትም፡፡ ባትሪም ከሁሉ በላይ የሚጠላው ሙቀትን ነው፤ የእንጅባራም ሆነ የዳንግላ አየር ከአፋርና ከድሬዳዋ ይልቅ ይስማማዋል፡፡ የአገው ፈረስ ዳገት ላይ የሚታወቅበትን ጉልበት ከዘመኑ መኪኖች የሚወርሰው የኤሌክትሪኩ ነው ብንል ከማጋነን አይቆጠርብንም፡፡ በነገራችን ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያሰልፈው ፈረስ ነዳጅም ቀረጥም የማያውቅ ተሽከርካሪ ነው፤ የከተማው ጋሪም እንዲሁ፡፡

ዓባይን የሚሻገረው ማን ነው?

ፈተናው የሚመጣው ከከተማ ሲወጡ ነው፡፡ ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፡፡ ደርሶ መልሱ ከእንጅባራ 240 ኪሎ ሜትር ነው፡፡ የቻይና ፋብሪካዎች «በአንድ ሙሌት 400 ኪሎ ሜትር» ብለው የሚጽፉት በአገራቸው የመለኪያ ዘዴ ሲሆን፣ በእውነተኛ መንገድ ላይ ከ280 እስከ 320 ብሎ ማሰብ ይሻላል፡፡ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ ቁልቁለት ነው፤ ሲመለሱ ግን ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ አለ፡፡ 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ለዚህ መውጣት ብቻ ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያቃጥላል፤ በሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ነው፡፡ ስለዚህ 400 ተብሎ የተጻፈበት መኪና ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ ይችላል፤ መጠባበቂያው ግን ሰፊ አይደለም፡፡ 250 ወይም 300 ተብሎ የተጻፈባትን ትንሽ መኪና ይዞ ባሕር ዳር ላይ ሳይሰኩ ለመመለስ መሞከር አይመከርም፡፡

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፡፡ ወደ 450 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ነው፤ መሀሉ ላይም የዓባይ በረሃ አለ፡፡ ከደጀን ወይም ከጎሃ ጽዮን ወደ ወንዙ ሲወርዱ መኪናው ፍሬኑን እንደ ዲናሞ እየተጠቀመ ባትሪውን በከፊል ይሞላል፤ ይህ የኤሌክትሪክ መኪና አንዱ ውበት ነው፡፡ ማዶውን 1,400 ሜትር ገደማ ለመውጣት ግን ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፡፡ ያኔ ጥያቄው «የት ልሰካ?» የሚል ይሆናል፡፡ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ ላይ የከፈተው ፈጣን የቻርጅ ማዕከል በአንድ ጊዜ 16 መኪና ያስተናግዳል፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪ መልካም ዜና ነው፡፡ ከዳንግላ ለሚነሳ ሰው የሚያስፈልገው ግን ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ነው፡፡ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ስልክ ደውሎ ማደሪያ የሚሆነው ሆቴል አስተማማኝ መስመርና ጄኔሬተር እንዳለው ማጣራት የገዢው የቤት ሥራ ነው፡፡ በናፍጣ ጄኔሬተር የተሞላ የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ቀልድ ቢሰማም መንገድ ላይ ከመቅረት ይሻላል፡፡

የሶኬቱ ቅርፅም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፡፡ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሚጠቀሙት የቻይናን ጂቢ/ቲ የተባለ መሰኪያ ነው፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 የሚባለውን፡፡ አገራችን የገቡት ቢዋይዲዎችና የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 መኪኖች ብዙዎቹ ቻይና ለራሷ ገበያ የሠራቻቸው ናቸው፡፡ አምራቹ በቀጥታ ያልላካቸው በመሆናቸው ፋብሪካው ለባትሪው የሚሰጠው የዋስትና ወረቀት እዚህ አይሠራም፤ የስክሪኑ ቋንቋም ቻይንኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፡፡ ባትሪ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ዕቃ ነው፡፡ በታክስ የተረፈው ገንዘብ ያለ ዋስትና በተገዛ ባትሪ ላይ ካረፈ ማበረታቻው የት እንደገባ ለመናገር ያስቸግራል፡፡ ቪትዝና ኮሮላ የሚፈታ መካኒክ ዳንግላም እንጅባራም አለ፤ 400 ቮልት የሚነካ መካኒክ ግን ሥልጠና፣ ጓንትና የምርመራ ኮምፒዩተር ይፈልጋል፡፡ የክልሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የአውቶ መካኒክ ትምህርታቸውን ወደዚህ ማዞር አለባቸው፤ ይህን የሚያበረታታ ታክስ ግን ማንም አላወጣም፡፡

ማበረታቻው ለየትኛው መኪና?

የዚህ ጸሐፊ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፡፡ ከኤክሳይዝ ነፃ መሆን የሚጠቅመው መኪና መግዛት የሚችለውን ነው፤ ያውም ውድ መኪና የገዛ የበለጠ ይተርፈዋል፡፡ የአዊ ሰው ግን የሚንቀሳቀሰው በባጃጅ፣ በዶልፊንና በአባዱላ ነው፡፡ ባጃጅ ደግሞ ለኤሌክትሪክ የተፈጠረች የምትመስል ናት፤ ጉዞዋ አጭር፣ ፍጥነቷ ትንሽ፣ ባትሪዋም ትንሽ፣ ማታ ማታ ደግሞ ቆማ ታድራለች፡፡ በቀን የሚያቃጥለውን ቤንዚን በሃይላንድ የሚገዛ ባለባጃጅ ከማንም በላይ ተጠቃሚ መሆን የሚችል ሰው ነው፡፡ የሚጎድለው የታክስ ነፃነት ሳይሆን መነሻ ገንዘብ ነው፤ ለዚህ መፍትሔው ከጉምሩክ ሳይሆን ከባንክና ከብድርና ቁጠባ ተቋም ይመጣል፡፡

ሚኒባሱን በተመለከተ በክልሉ ውስጥ አንድ ጅምር አለ፡፡ የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ ደብረ ብርሃን ላይ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችን ገጣጥሟል፡፡ ተበታትኖ ለሚገባ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5፣ ሙሉ ለሙሉ ለተገጣጠመ 15 በመቶ የሚለው የቀረጥ መሰላል የታሰበው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው፡፡ ከዚያ በፊትም የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተር በ2012 ዓ.ም. የሃዩንዳይ አዮኒክ የኤሌክትሪክ መኪና ገጣጥሞ ነበር፡፡ አገር ውስጥ የተገጣጠመ መኪና ከቀረጡ ቅናሽ በላይ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው አለ፡፡ ከባሕር ዳር እንጅባራ የሚመላለስ ሚኒባስ መንገዱ ቋሚ፣ ርቀቱ የታወቀ፣ የሚያርፍበት መናኸሪያ ሁለት ብቻ በመሆኑ በሁለቱ መናኸሪያዎች ላይ የሚተከል ቻርጀር ከመቶ የቤት ሶኬት የበለጠ ሕዝብ ያገለግላል፡፡

ስለ አማራጭ ነዳጅ ከተነሳ ኤታኖልን ማለፍ አይቻልም፡፡ በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ አዲስ አበባ ላይ መሸጥ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ተደረገ፡፡ ለገዢው የተሰጠ ማበረታቻ አልነበረም፤ አያስፈልግም ነበር፤ ማንኛውም የቤንዚን መኪና ያንን ድብልቅ ይጠጣልና፡፡ በአዊ ጃዊ ወረዳ አካባቢ በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የተጀመረው የጣና በለስ ስኳር ፕሮጀክት ተጓትቶ የመጀመሪያው ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው፡፡ የስኳር ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ወደ ኤታኖል ሊቀየር ይችላል፡፡ አገር ውስጥ ለሚኖሩት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ስለሚቀራቸው ይህ የተረሳ መንገድ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስላል፡፡

የታክስ ማበረታቻን እስከ ዳር ያደረሰችው አገር ኖርዌይ ናት፡፡ እንደኛው ኤሌክትሪኳን ከውኃ ታገኛለች፡፡ የኤሌክትሪክ መኪናን ከመኪና ግዢ ታክስ ነፃ ያደረገችው ከ1990 ጀምሮ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ያደረገችው በ2001 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፡፡ ውጤቱ የመጣው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በ2024 ከተሸጡት አዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ግድም ኤሌክትሪክ ነበሩ፡፡ ቅናሹን መቀነስ ስትጀምርም በ2023 ከ500 ሺሕ ክሮነር በላይ በሆነው የዋጋ ክፍል ላይ ብቻ ታክስ መልሳ ጣለች፤ ማለትም ውድ መኪና ገዢው አስቀድሞ ከፈለ፡፡ በዚያ ሁሉ ጊዜ ገጠር ድረስ ቻርጀር ተተክሏል፡፡ የኛ ማበረታቻ ግን ዋጋን ከዋጋ አልለየም፤ ትንሿ ሲጋልና ትልቁ አይዲ 6 በአንድ ዓይን ታይተዋል፡፡

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ መንገዱ፡፡ የአገራችን መንገዶች የሚጠገኑበት የመንገድ ፈንድ ከተቋቋመበት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ዋና ገቢው ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ታሪፍ ነው፡፡ ቤንዚን የማይቀዳ መኪና ይህን አይከፍልም፡፡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጥቂት እስካሉ ድረስ ማንም አያስታውሰውም፤ ሲበዙ ግን የመንገድ ጥገና ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ መጠየቁ አይቀርም፤ በዓመታዊ ምርመራ ላይ ወይም በቻርጅ ታሪፍ ላይ ሊጨመር ይችላል፡፡ ዛሬ የአምስትና የአሥር ዓመት ስሌት የሚሠራ ገዢ በዚያ ዓምድ ላይ ዜሮ ባይጽፍ ይመረጣል፡፡